የአጥር ሐረግ ጥራጥሬና የሰፋሪው ቤተሰብ ማዕድ

በዕርዳታና በመልሶ ማቋቋም ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር




ድርቅ ያፈናቀለው ቤተሰብ በአዲስ ቀዬ ሲያርፍ አስቀድሞ ጎጆ ይቀልሳል፣ ጉልቻ ይጎልታል፣ ከዚያም አጥር ያጥራል። ጎጆው ከዝናብና ከፀሐይ ያስጠልለዋል፤ በጉልቻው ላይ የዕርዳታውን እህል ያበስላል። አጥሩ ግን ከብትና አውሬ ከመከልከል በቀር ሌላ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመት ይሞላዋል። በዚህ ንግግር የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ይኸውም አጥሩ ራሱ እርሻ ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚህም ለአንድ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ዘር ከአንድ እፍኝ ብዙም እንደማይበልጥ፣ ሆኖም ዘሩ ዝናቡን ቀድሞ ካልደረሰና የአበሳሰሉ ምክር አብሮት ካልተሰጠ ጥቅሙ እንደሚቀር፣ አልፎም ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ማስገንዘብ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በዕርዳታና በመኸር መካከል ያለው ጊዜ

ለተረጂ የሚታደለው ወርኃዊ ቀለብ በአገራችን በቅርብ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ልክ መሠረት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ጥራጥሬው በቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው 50 ግራም ይደርሰዋል። ይህም በእጅ መዳፍ የሚያዝ ክክ ነው። መጓጓዣ ሲዘገይ፣ መንገድ በክረምት ሲቆረጥ ወይም ለጋሾች የሚሰጡት ዓይነት ሲለዋወጥ ከሦስቱ ዓይነቶች ጥራጥሬው ወይም ዘይቱ ሊጓደል ይችላል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ለሳምንታት በስንዴ ወይም በበቆሎ ብቻ ይቆያል።

እህልና ጥራጥሬ የሚበሉት አብረው እንዲሆን ያደረገው ልማድ ብቻ አይደለም። እህል ላይሲን የተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ይህንኑ በብዛት ይዟል። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ እህል ይሞላለታል። እንጀራን በሽሮ፣ ቂጣን በንፍሮ የሚበላው ገበሬ ይህን በመጽሐፍ ሳይማር ሲሠራበት ኖሯል። ልጁ ጡት የጣለችለት እናት በመጠለያ ውስጥ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ክኩ መሆኑን የጣቢያ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለዕርዳታ ከሚመጣው ጥራጥሬ ከፍ ያለው ድርሻ የተከካ አተር ነው። ክክ ይበላል እንጂ አይዘራም። ቤተሰቡ ቆጥቦ አንድ ጣሳ ቢያስቀር እንኳ ከዚያ ጣሳ አንዲት ቡቃያ አትወጣም። ስለዚህ ዕርዳታው በቆመ ማግሥት ቤተሰቡ በእጁ የጥራጥሬ ዘር የለውም።

ከቀድሞው ሰፈራ የተገኘ ትምህርት

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም ተዛውሮ ነበር። በዚያ ዘመን አሶሳ በወለጋ፣ ጋምቤላ በኢሉባቦር፣ መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። ከተወሰዱት ውስጥ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው እንዳልሄዱ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንደ ተለያየ፣ በጉዞና በመጀመሪያዎቹ ወራት በበሽታ የሞተው ሰው ብዙ እንደ ነበር ተመዝግቧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በአራት ክልሎች ውስጥ፣ በየክልሉ ወሰን፣ በፈቃደኝነት ለማስፈር የታቀደ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በምሥራቅ ቆላ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በመክሸፋቸው፣ በሌላም ቦታ በግጭት ምክንያት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ወጥቷል። ዘመኑና ምክንያቱ ቢለያይም በአዲስ ቦታ የሚያርፈው ቤተሰብ የሚገጥመው ችግር በብዙ ነገር ተመሳሳይ ነው።

ከደጋና ከወይና ደጋ የሄደው ገበሬ ወደ ቆላ ሲወርድ የገብሱ፣ የባቄላውና የምስሩ ዕውቀት አልረዳውም። በመተከልና በጋምቤላ በሬው በገንዲ በሽታ አለቀበት። ገበሬ ያለ በሬ ሲቀር ማሳውን ትራክተር እስኪያርስለት መጠበቅ ግድ ሆነበት። የቆላው ምስጥ የደረቀውን አጥርና የጎጆውን ምሰሶ በላው። ወባው አዋቂውን በእርሻ ወቅት አልጋ ላይ ጣለው። በዚህ ሁሉ መካከል ሰፋሪው በራሱ እጅ፣ ያለ በሬና ያለ ትራክተር፣ በዶማና በመኮትኮቻ ብቻ ሊያለማው የቻለው መሬት የጓሮ መሬቱ ነበር። የጓሮ ሐረግ ጥራጥሬ ዋና ጥቅሙም ከዚህ ይመነጫል። በሬ አይፈልግም፤ ሰፊ ማሳ አይፈልግም፤ የታመመ ሰው ባለበት ቤት እንኳ ሴቶችና ልጆች ሊንከባከቡት ይችላሉ።

ሌላም ትምህርት አለ። ሰፋሪው ያረፈበት መሬት ባዶ አልነበረም። ጉሙዝ፣ በርታ፣ አኙዋክ፣ ኦሮሞና ሌሎችም የአካባቢው ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ያደኑበት፣ ማር የቆረጡበት፣ እያፈራረቁ ያረሱት ነበር። ደኑ ሲመነጠር የእነርሱ ኑሮ ተጎድቷል፤ ቅሬታውም እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ አልበረደም። ይሁን እንጂ ለዚያ አፈርና ለዚያ ሙቀት የሚስማማው ዘርና ዕውቀት በእነርሱ እጅ ነበር። ፕላን አውጪዎች ዘር ከሩቅ ሲያስመጡ በአጠገባቸው ያለውን ጎረቤት ሳይጠይቁ ያለፉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የአገር ሐረጎች የትኞቹ ናቸው?

ለአጥር የሚሆኑ የጥራጥሬ ሐረጎች ብዙ ቢሆኑም በተለይ ሁለቱ አፍሪካዊ ትውልድ ያላቸውና በአገራችን ቆላና ወይና ደጋ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የላም አተር ሲሆን ባለሙያዎች ካውፒ ይሉታል። በአፍሪካ ምድር የለመደ ጥራጥሬ ነው። በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል፣ በኮንሶና በምሥራቁ ቆላ ይዘራል። ቶሎ የሚደርሱት ዓይነቶች በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ይበስላሉ። ከተዘራ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ለመበላት ይደርሳል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ በወሩ ከአጥሩ ላይ ወጥ የሚሆን ነገር የሚሰጠው እርሱ ነው። የላም አተር ቁመቱ አጭር የሆነም ሐረጉ የሚረዝምም ዓይነት ስላለው፣ ለአጥር ሲፈለግ ሐረጋሙን መርጦ መዝራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ላብላብ ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች አሞራ ጓያ ተብሎ ይጠቀሳል። ከታወቀው ጓያ ጋር ግን ዝምድናው የስም ብቻ ስለሆነ ሠራተኞች ሁለቱን እንዳያደባልቁ መጠንቀቅ ይገባል። ላብላብ በሐምራዊ ወይም በነጭ አበባው ይታወቃል። ሐረጉ ከሦስት ሜትር በላይ ይረዝማል። በኮንሶ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ምግብ ነው። የኮንሶ የድንጋይ እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው ሕዝቡ በዝናብ አጠር ምድር ላይ አፈርና ውኃ አጥምዶ መኖሩን ነው። በዚያ እርከን ላይ ማሽላና ጥራጥሬ ተሰባጥረው መዘራታቸው የዚያው ጥበብ ክፍል ነው።

የላብላብ ዋና ጠባዩ ሥሩን ወደ ጥልቀት መስደዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እድገቱ ዝግ ያለ ሲሆን አረም ካልተነቀለለት ይዋጣል። ሥሩ ከያዘ በኋላ ግን ዝናብ ቢያቆምም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በጥርና በየካቲት ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ቅጠሉና እሸቱ ይገኛል። ብዙ የአገር ዓይነቶች ለመድረስ አምስት ወርና ከዚያም በላይ ስለሚወስዱ ከላም አተሩ ጋር አብረው ቢዘሩ አንዱ የክረምቱን፣ ሌላው የበጋውን ክፍተት ይሞላል። ላብላብ ከተንከባከቡት ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል።

ከእነዚህ ጋር በቅርብ ሊታሰብ የሚገባው አደንጓሬ ነው። አደንጓሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ቢሆንም በአገራችን ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሐረጋሙ ዓይነትም ወይና ደጋ ላይ በበቆሎ አገዳ ላይ እየተጠመጠመ ይበቅላል። ውርጭ ባለበት ደጋ ግን ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። በወለጋና በኢሉባቦር ለሰፈረ ደግሞ ጥራጥሬ ባይሆንም በአጥርና በባላ ላይ የሚወጣው አንጮቴ አለ። አንጮቴ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሲሆን ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ ኦሮሞው በመስቀል በዓል ከሚያቀርባቸው ምግቦች አንዱ ነው። ከሐረግ ጥራጥሬ ጎን በአንድ አጥር ላይ ሊውል ይችላል።

አተካከሉ

ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ ነው። በአጥሩ ሥር በየግማሽ ሜትሩ በዶማ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍግ ወይም የበሰበሰ ገለባ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅበታል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይዘራል። ውኃ የሚያቁር ቦታ አይመረጥም፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

የአጥሩ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቅንጭብ ለአጥር የተመቸ ቢሆንም ወተቱ ዐይን ስለሚጎዳ ልጆች እሸት በሚለቅሙበት በኩል ሐረግ ሊወጣበት አይገባም። ምስጥ በበዛበት አገር የደረቀ እንጨት ብቻ የታጠረ አጥር ሐረጉ በከበደበት ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከሚጸድቁ እንጨቶች ካስማ እየተከሉ ማጠናከር፣ ወይም ሐረጉን በበቆሎና በማሽላ አገዳ ላይ ማውጣት ይሻላል። በአገዳ ላይ ሲሆን በቆሎው ከበቀለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ መዝራት ያስፈልጋል። አብረው ከተዘሩ ሐረጉ ለጋውን አገዳ ይጥለዋል። ሐረጉ ከጎጆው ግድግዳ ጋር ባይነካካ ይመረጣል። ሥሩም ዘወትር መጽዳት አለበት፤ ጥቅጥቅ ያለ ሐረግ ለእባብ መጠጊያ ይሆናልና።

ከክረምቱ በኋላ እጅ የታጠቡበትና ዕቃ ያለቀለቁበት ውኃ በሐረጉ ሥር ቢፈስስ ሐረጉ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ክሽክሽ ሲታይ ያጠቃውን ጫፍ ቆርጦ ማስወገድ፣ አመድም መነስነስ ይቻላል። ቅጠል ሲቀነጠብ ከአንድ ሐረግ ጥቂት ጥቂት መሆን አለበት። ሁሉም ከተላጨ ሐረጉ አበባ ለማውጣት አቅም ያጣል።

እነዚህ ሐረጎች አፈሩንም ይጠቅማሉ። በሥራቸው ላይ ባሉ እንቡጥ መሰል እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። የላም አተርና ላብላብ በአብዛኛው የቆላ አፈር ውስጥ ባሉት ረቂቅ ነፍሳት ስለሚጠቀሙ ብዙ ጊዜ ልዩ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። አንድ የልማት ሠራተኛ ይህን ለገበሬው ለማሳየት አንድ ሐረግ አበባ ባወጣ ጊዜ ቆፍሮ እባጩን በጥፍሩ መክፈል ይበቃዋል። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ነገር ፍየል ነው። ከመኸር በኋላ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ላብላብ ብቻ ከሆነ የመንደሩ ከብት ሁሉ ወደ እርሱ ያመራል። ስለዚህ ሐረጉ ወደ ግቢው ውስጥ እንዲወርድ ማዘንበል፣ ከውጭ በኩልም እሾህ መደርደር ያስፈልጋል። ከብቶች የሚጠበቁበትን ጊዜ በቀበሌው ስብሰባ መወሰን ደግሞ ከእሾህ ይልቅ ያስተማምናል።

ስለ አበሳሰል፤ ችላ ሊባል የማይገባው ክፍል

ዘር ሲታደል አበሳሰሉ አብሮ ካልተነገረ ጥቅም የታሰበበት ነገር ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የደረቀ የላብላብ ፍሬ፣ ይልቁንም ጥቁርና ቡናማው፣ በውስጡ መርዛማ ነገር ስላለው በጥሬውም ሆነ በቆሎ መልክ መበላት የለበትም። ሌሊቱን በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ያ ውኃ ይደፋል። በአዲስ ውኃ ተቀቅሎ ሲፈላ ይህም ውኃ ይደፋል። በሦስተኛው ውኃ እስኪላላ ድረስ ይበስላል። ከዚህ በኋላ ንፍሮ ወይም ወጥ ይሆናል። ለጋ እሸቱ ከነቅርፊቱ በቶሎ ስለሚበስል ለዚህ ሁሉ ድካም አይዳርግም፤ እርሱም ቢሆን ግን ሳይበስል አይበላም።

አደንጓሬም የራሱ ጠንቅ አለው። ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ በኋላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያህል በኃይል መፍላት አለበት። ሳይፈላ በለብታ እሳት ብቻ ቢቆይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሆድ ያስለቅቃል፣ ያስታውካል። ማገዶ ባነሰበት መጠለያ እናቶች እሳቱን ለመቆጠብ ድስቱን በፍም ላይ ስለሚተዉት ይህ ምክር በተለይ ለእነርሱ መድረስ አለበት። የዘፈዘፉት ጥራጥሬ ማገዶ እንደሚቆጥብም አብሮ ቢነገር ምክሩ ተቀባይነት ያገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ጓያ መናገር ያስፈልጋል። ጓያ ድርቅንና ውኃ ያቆረ መሬትን ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል ሁሉ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል፤ ሽባነቱም መድኃኒት የለውም። በሽታው ከሌላው ይልቅ በጉብዝና ዕድሜ ያሉትን ወንዶች ያጠቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ፣ ከድርቅ በኋላ ደግሞ በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. አካባቢ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። ድርቅ ያለፈለት ወጣት፣ ዝናቡ ሲመለስ ሞፈር ጨብጦ ሊቆም ሲገባው፣ በምርኩዝ ቀርቷል። ጓያ መብላት ግድ በሆነበት ቦታ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን እየደፉ፣ ከሌላ እህል ጋር እያደባለቁ፣ ድርሻውንም ዝቅ እያደረጉ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። ሙሉ መድኅን ግን አይደለም። የተሻለው መንገድ ቤተሰቡ ወደ ጓያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ጥራጥሬ በእጁ እንዲኖረው ማድረግ ነው። በአጥር ላይ የተተከለ የላም አተር ወይም ላብላብ ከሚሰጠው አገልግሎት ታላቁ ይህ ነው።

የዘር ጉዳይ

በረሀብ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው እህል፣ መጨረሻ የሚበላው ዘር ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም እጁ ባዶ ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ዶክተር መላኩ ወረደ እየመሩት የአገሬውን ዘር ከመጥፋት ለማዳን ደክሟል። የገበሬው ዘር በገበሬው እጅና ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ያደረጉት ጥረት በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ከዚያ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ለጓሮ ሐረግም ይሠራል። ለአካባቢው የለመደ ዘር ከሩቅ ከመጣ አዲስ ዘር ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የጥራጥሬ ዘር ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ገና ማሳ ላይ ሳለ ጭምር ስለሆነ የተለቀመው ፍሬ በፀሐይ በደንብ መድረቅ፣ ከዚያም ከተነፋ አመድ ጋር ተደባልቆ አየር በማያስገባ ዕቃ መቀመጥ አለበት። ክዳኑ የሚጠብቅ የዘይት ጀሪካን ለዚህ ይስማማል። የዕርዳታ ዘይት የመጣበት ባዶ ዕቃ በየመንደሩ ሞልቷል፤ ታጥቦና ደርቆ ለዘር ማስቀመጫ ቢውል ወጪ አይጠይቅም።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

የሚፈለገው ዘር ምን ያህል እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ግቢ ቢኖረው የአጥሩ ዙሪያ 80 ሜትር ነው። ለበርና ለጥላ ቦታ 20 ሜትር ቢተው 60 ሜትር ይቀራል። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ጉድጓድ ቢቆፈር 120 ጉድጓድ፣ በጉድጓድ ሁለት ፍሬ ቢዘራ 240 ፍሬ ይሆናል። የላብላብ ፍሬ አራቱ አንድ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህ 60 ግራም ነው። ላልበቀለውና ወፍ ለበላው መተኪያ ቢጨመር 100 ግራም ይበቃል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዘር ለ1,000 ቤተሰብ ይደርሳል። እህል ጭኖ በሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ጥግ ላይ ለአሥር ሺህ ቤተሰብ የሚሆን ዘር ሊጫን ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ኩንታል በነሐሴ ቢደርስ በሰኔ የደረሰውን ያህል አይጠቅምም። እህል ዘግይቶ ቢደርስ ዘግይቶም ይበላል፤ ዘር ግን ወቅቱ ካለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ስለዚህ የዘር ግዢው በዕርዳታ ፕላኑ ውስጥ ከመጀመሪያው ረድፍ መግባት፣ የአካባቢው የዝናብ መግቢያ ተጠንቶ ቢያንስ ከወር በፊት በጣቢያው መገኘት ይኖርበታል። ዘሩ በተቻለ መጠን ከአካባቢው ነዋሪዎች በተገቢ ዋጋ ቢገዛ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አፈሩን የለመደ ዘር ይገኛል፤ መሬቱ በሰፈራ ምክንያት የተነካበት ጎረቤትም ከፕሮግራሙ የሚያገኘው ነገር ይኖረዋል። ዘር የሸጠ ጎረቤት አበሳሰሉንም ሊያስተምር ስለሚችል፣ የሴቶች ማኅበራት ሁለቱን ወገን በአንድ ምጣድ ዙሪያ የሚያገናኙበት ዝግጅት ቢኖር ከብዙ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ዘር የሚቀበለው ሰው ማን ይሁን የሚለውም ይታሰብበት። በመዝገብ ላይ የሚገኘው ስም የአባወራው ነው፤ ጓሮውን የምትይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እመቤቲቱ ናት። እፍኙ በእርስዋ እጅ ቢሰጥና ምክሩ በቋንቋዋ ቢነገራት ዘሩ መሬት የመድረሱ ዕድል ከፍ ይላል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። የጓሮ ሐረግ የዕርዳታን ቀለብ አይተካም። አንድ አጥር አንድን ቤተሰብ አይቀልብም፤ የሚሰጠው የማዕዱን ጉድለት መሙያ ነው። ስለሆነም የጓሮ አትክልት ተተክሏል ተብሎ ከተረጂው ድርሻ ላይ አንድ ኪሎ እንኳ መቀነስ አይገባም። እንዲህ ያለ ቅነሳ ከተደረገ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን ከመዝራት ይልቅ መደበቅን ይማራል፤ በየጣቢያው የሚቀርበውም ሪፖርት እውነቱን አያሳይም።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤

የሰፈራና የመልሶ ማቋቋም ሥራ የሚመዘነው በተጓጓዘው ሕዝብና በተሠራው ጎጆ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንድ ተቆጣጣሪ ወደ ጣቢያው በሚሄድበት ጊዜ ከመጋዘኑ መዝገብ ሌላ አጥሮቹን ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። በየካቲት ወር አረንጓዴ ሐረግ የሚታይበት ግቢ ሰው ሊቆይበት የወሰነ ግቢ ነው። ባዶ አጥር የበዛበት መንደር ደግሞ ዘር አልደረሰውም፣ ወይም ፍየሉ አልተጠበቀም፣ ወይም ነዋሪው ልቡ ገና መንገድ ላይ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደጁን አንኳክቶ የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆነው አንድ ኩንታል ግን ከአሁኑ መታዘዝ አለበት።